ስለ ልውጥ እህል የሚደረገው ክርክር ለቤተ ሰብ የሚሰጠው ትምህርት

የሰው ኑሮ መሠረቱ ምግብ ስለ ሆነ፥ ወደ አፉ ስለሚገባው ነገር ሰው ሁሉ ቢጨነቅ የሚያስደንቅ አይደለም። እንግዳ የሚቀበል ሰው እንግዳውን ከወዴት እንደ መጣ ይጠይቀዋል። እንደዚሁም ወደ ገበታው የሚቀርበውን እንግዳ እህል ማን እንደ ዘራው፥ ከምን እንደ ተገኘ፥ ምን እንደ ተጨመረበት መጠየቅ የቤት ጌታና የቤት እመቤት ተግባር ነው። ከ30 ዓመት ወዲህ ምሁርን ከምሁር፥ መንግሥትንም ከመንግሥት እጅግ ያከራከረ የእህል ነገር ቢኖር፥ በአገራችን ሕግ «ልውጥ ሕያው» ከተባለው ፍጥረት የሚገኘው ምግብ ነው።

ስለዚህ ምግብ አንዱ ወገን «መርዝ ነው» ሲል ሌላው ወገን «የረኃብ መድኃኒት ነው» ይላል። እኛም ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ለአንዱ ወገን ጠበቃ ለመሆን ብለን ሳይሆን፥ አንባቢዎቻችን የሁለቱን ቃል ሰምተው በየቤታቸው አስተውለው እንዲፈርዱ ነው። በዳኝነት አደባባይ የቈየ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ሁለት ልዩ ልዩ ክስ በአንድ መዝገብ ተደባልቆ የቀረበ እንደ ሆነ፥ ዳኛው አንዱን ከሌላው ሳይለይ ትክክለኛ ፍርድ ሊሰጥ አይችልም። የዚህም እህል ነገር እንደዚሁ ነው። አንደኛው ክስ «ይህን እህል የበላ ሰው ይጐዳል» የሚል ነው። ሁለተኛው ክስ «የዘሩ ጌታ ማን ነው? ይዘራ ወይም አይዘራ ብሎ የሚወስነውስ ማን ነው?» የሚል ነው። የፊተኛው የሐኪምና የመርማሪ ጉዳይ ነው፤ የኋለኛው የሕግና የመንግሥት ጉዳይ ነው። ሁለቱ በመደባለቃቸው የተራበ ሰውና ሕፃን ልጅ እንዴት እንደ ተጐዱ ከዚህ በታች እንመለከታለን። ዓመታቱንም፥ ኢትዮጵያዊ ነው ብለን ካልገለጽን በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል።

ልውጥ እህል ምን እንደ ሆነ

ገበሬ ከጥንት ጀምሮ ዘርን ሲለውጥ ኖሯል። በመከር ጊዜ ከማሳው የተሻለውን ዛላ መርጦ ለዘር ማስቀመጥ ራሱ ዘርን መለወጥ ነው። ዛሬ በየጓሯችን የምናየው በቆሎ ከ9000 ዓመት ገደማ በፊት በሜክሲኮ አገር ቴዎሲንቴ የሚባል፥ ፍሬው ጥቂት፥ ቅርፊቱም እንደ ድንጋይ የጠነከረ የዱር ሣር ነበረ። የአገሩ ሰዎች በየዘመኑ መልካም መልካሙን እየመረጡ በመዝራት ወደ ዛሬው መልኩ አደረሱት። በ1866 ደግሞ ግሬጎር ሜንዴል የተባለ መነኵሴ በገዳሙ የአትክልት ስፍራ አተር እያዳቀለ የመረመረውን አሳትሞ፥ መልክና ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ በሥርዐትና በቍጥር እንደሚወርድ አስረዳ። አባቶቻችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ብለው በምሳሌ የተናገሩትን እርሱ በሒሳብ ጻፈው ማለት ይቻላል።

በእያንዳንዱ ሕያው ፍጥረት ገላ ውስጥ፥ በዐይን በማይታዩት ሕዋሳት፥ ቅጠሉ እንዲህ ይሁን፥ ፍሬው እንዲህ ይሁን የሚል ትእዛዝ ተጽፎ ይገኛል። ሊቃውንት ይህን ትእዛዝ ዘረ መል ይሉታል። በማዳቀል ጊዜ የአባትና የእናት ትእዛዝ በጅምላ ይደባለቃል፤ ገበሬውም ከሚወለዱት መካከል የሚሻለውን ይመርጣል። በአዲሱ ጥበብ ግን አንዱን ትእዛዝ ብቻ ለይቶ ከአንዱ ፍጥረት በማውጣት፥ ዘመዱ ወዳልሆነ ወደ ሌላ ፍጥረት ማስገባት ተችሏል። ይህን በ1973 ስታንሊ ኮኸንና ኸርበርት ቦየር የተባሉ የአሜሪካ መርማሪዎች በባክቴርያ ላይ ፈጸሙት። በ1983 ደግሞ የቤልጅግና የአሜሪካ ሊቃውንት ወደ ተክል አሻገሩት። መንገዱን ያሳየቻቸው በአፈር ውስጥ የምትኖር አግሮባክቴርየም የምትባል ባክቴርያ ናት፤ እርስዋ የራስዋን ዘረ መል ወደ ተክል የማስገባት ጠባይ በተፈጥሮ አላትና። እንዲያውም በ2015 ሊቃውንት ስኳር ድንችን ቢመረምሩ፥ ይህችው ባክቴርያ ሰው ምንም ሳያውቅ ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት ያስገባችውን ዘረ መል በውስጡ አገኙ።

ከዚህ ጥበብ ከሁሉ አስቀድሞ የተጠቀመው ገበታ ሳይሆን ሐኪም ቤት ነው። በ1982 የስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎች የሚወጉት ኢንሱሊን ዘረ መሉ በተለወጠ ባክቴርያ ተሠርቶ ተፈቀደ፤ ከዚያ በፊት ከታረዱ ከብቶችና ዐሣማዎች ቆሽት ይወጣ ነበር። ስለዚህ መድኃኒት የተነሣው ክርክር ብዙ አልቈየም፤ በሽተኛው ጥቅሙን በራሱ ገላ ያየው ነበርና። በ1994 ቶሎ የማይበሰብስ ቲማቲም በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ፤ ነገር ግን ለነጋዴው ስላላዋጣው በ1997 ቀረ። ከ1996 ጀምሮ ደግሞ አኩሪ አተር፥ በቆሎና ጥጥ በሰፊው ተዘሩ። የእነዚህም ለውጥ በይበልጥ ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ የአረም መድኃኒት በተረጨ ጊዜ አረሙ ሲሞት ሰብሉ እንዳይሞት የሚያደርግ ነው። ሁለተኛው ተክሉ ራሱ እንደ አገዳ ቆርቁር ያለውን ትል የሚገድል ፕሮቲን እንዲሠራ የሚያደርግ ነው።

አንደኛው ክስ፤ የበላ ሰው ይጐዳልን?

ይህ ክስ ከከንቱ የተነሣ አይደለም። አዲስ ዘረ መል አዲስ ፕሮቲን ይሠራል፤ አዲስ ፕሮቲንም ለአንዳንድ ሰው ገላ የማይስማማ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ምስክር አለ። አንድ የአሜሪካ የዘር ኩባንያ የከብት መኖ እንዲሻሻል ብሎ ከብራዚል ለውዝ የተወሰደ ዘረ መል በአኩሪ አተር ውስጥ አስገባ። በ1996 የታተመው ምርመራ ግን የብራዚል ለውዝ የማይስማማቸው ሰዎች ይህም አኩሪ አተር እንደማይስማማቸው አስረዳ፤ ስለዚህ ለገበያ ሳይወጣ ተጣለ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አደጋው የእውነት ሊደርስ የሚችል አደጋ ነው፤ ምርመራም በሚገባ ከተደረገ አደጋውን አስቀድሞ ይይዘዋል።

ምርመራው መልካም ሲሆን ጥበቃው የላላበትም ጊዜ ነበር። ስታርሊንክ የተባለው በቆሎ በአሜሪካ የተፈቀደው ለከብት መኖ ብቻ ነበረ፤ ለሰው ምግብ ያልተፈቀደውም ፕሮቲኑ ለአንዳንድ ሰው የማይስማማ እንዳይሆን ስለ ተፈራ ነው። ነገር ግን በ2000 በሱቅ በሚሸጥ የበቆሎ ቂጣ ውስጥ ተገኘ፤ ምግቡም ከየሱቁ ተሰበሰበ። በወረቀት ላይ «ለከብት ብቻ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ በጐተራና በወፍጮ ቤት አንዱን በቆሎ ከሌላው ለይቶ መጠበቅ ግን ቀላል አይደለም።

በሌላ ወገን ደግሞ ሐሰተኛ ድንጋጤ ብዙ ሰው አስቷል። በ2012 በፈረንሳይ አገር ዢል ኤሪክ ሴራሊኒ የተባሉ መርማሪ ልውጥ በቆሎ የበሉ አይጦች ትልልቅ እብጠት እንደ ወጣባቸው የሚያሳይ ሥዕል ጨምረው ጽሑፍ አሳተሙ፤ ሥዕሉም በዓለም ጋዜጦች ሁሉ ወጣ። ነገር ግን የአይጦቹ ቍጥር ጥቂት ከመሆኑ በላይ፥ ዘራቸው ምንም ቢበሉ ሲያረጁ እብጠት የሚበዛበት ነበረ። ስለዚህ ያሳተመው መጽሔት በ2013 ጽሑፉን አነሣው፤ በሚከተለው ዓመት ሌላ መጽሔት እንደ ገና ቢያወጣውም የአብዛኞቹ ሊቃውንት ፍርድ አልተለወጠም። በዚህ መካከል ግን የኬንያ መንግሥት በዚያው በ2012 ልውጥ ምግብ ወደ አገሩ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር፤ ክልከላውንም ያነሣው ከ10 ዓመት በኋላ በ2022 በድርቅ ጊዜ ነው።

የብዙ ምስክሮች ቃል ሲመዘን ምን ይላል? የአውሮፓ ኅብረት በ2010 ባወጣው መግለጫ፥ በ25 ዓመት ውስጥ ከ500 የሚበልጡ የምርመራ ጓዶች የተሳተፉባቸውን ከ130 በላይ ሥራዎች መርምሮ፥ ይህ ጥበብ ከተለመደው የማዳቀል ጥበብ በባሕርዩ የበለጠ አደጋ እንደሌለበት አስታወቀ። አውሮፓም ለእነዚህ ዘሮች ወዳጅ እንዳልነበረ የታወቀ ነውና፥ ምስክርነቱ ከባላጋራ ወገን እንደ ተገኘ ምስክርነት ይቈጠራል። የአሜሪካ የሳይንስ አካዳሚዎችም በ2016 ከ900 የሚበልጡ ጽሑፎችን መርምረው፥ በገበያ ላይ ያለው ልውጥ እህል ከሌላው እህል ይልቅ ሰውን እንደሚጐዳ የሚያረጋግጥ ማስረጃ አለማግኘታቸውን ገለጹ። ስለዚህ ስለ አንደኛው ክስ፥ እስከ ዛሬ ተመርምሮ በተፈቀደው እህል ላይ ክሱ አልተረጋገጠም። ነገ የሚመጣው አዲስ ዘር ግን በዛሬው ነጻነት ነጻ አይወጣም፤ እያንዳንዱ ለብቻው መመርመር አለበት።

ሁለተኛው ክስ፤ የዘሩ ጌታ ማን ነው?

ይህ ክስ በምርመራ ቤት አይፈታም። በአገራችን ገበሬ ዘር ያስቀምጣል፤ ከጐረቤቱ ይበደራል፤ ለሙሽራ ልጁም ዘር ቈርሶ ይሰጣል። በአሜሪካና በካናዳ ግን ልውጥ ዘር የሚሸጠው ኩባንያ በዘረ መሉ ላይ የባለቤትነት መብት በሕግ ስለ ተሰጠው፥ ገበሬው ከአዝመራው ዘር ማስቀረት ተከልክሏል። ፐርሲ ሽማይዘር የተባሉ የካናዳ ገበሬ በማሳቸው የሞንሳንቶ ኩባንያ ልውጥ የጐመን ዘር በመገኘቱ ተከሰሱ። እርሳቸው ዘሩ በነፋስ መጥቶብኝ ነው ብለው ተከራከሩ፤ ፍርድ ቤቱ ግን ዘሩ ምን እንደ ሆነ ዐውቀው ወይም ማወቅ ሲገባቸው አስቀርተው ዘርተዋል አለ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 በ5 ድምፅ በ4 ላይ ለኩባንያው ፈረደ፤ ነገር ግን ገበሬው ከዘሩ የተለየ ትርፍ ስላላገኙ ለኩባንያው ምንም እንዳይከፍሉ ወሰነ። በአሜሪካም በ2013 ተመሳሳይ ክርክር ቀርቦ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ለኩባንያው ፈርዷል።

የአረሙም ነገር ከዚሁ ጋራ ይታያል። አንድ መድኃኒት በሰፊ አገር ላይ በየዓመቱ ሲረጭ መድኃኒቱን የሚችል አረም በዛ፤ ገበሬውም ሌላ መድኃኒት ለመግዛት ተገደደ። በቡርኪና ፋሶ ደግሞ ትል የሚከላከል ልውጥ ጥጥ በ2008 ለገበሬ ተሰጥቶ ትሉን ቢቀንስም፥ የጥጡ ጭራ ከቀድሞው ስላጠረ በዓለም ገበያ ዋጋው ወደቀ፤ አገሩም በ2016 ዘሩን ተወ። ጥጡን የበላ ሰው አልነበረም፤ የተጐዳው ኪሱ ነው።

ነገር ግን ባለቤትነቱ ሁልጊዜ በኩባንያ እጅ ይሆናል ማለት አይደለም። በሃዋይ ደሴት ፑና በሚባለው አውራጃ በ1992 የፓፓያ ቫይረስ ገብቶ የገበሬውን ተክል ባጠፋ ጊዜ፥ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ዴኒስ ጎንሳልቬስና ባልንጀሮቻቸው ቫይረሱን የሚቋቋም ልውጥ ፓፓያ አውጥተው፥ በ1998 ዘሩ ለገበሬዎች ያለ ዋጋ ታደለ። በባንግላዴሽም የመንግሥት የእርሻ ምርምር ተቋም ትል የሚከላከል ደበርጃን በ2014 መጀመሪያ ለ20 ገበሬዎች ሰጠ፤ ገበሬዎቹም ከአዝመራቸው ዘር ማስቀረት ተፈቅዶላቸዋል። ጥበቡ አንድ ሲሆን ሕጉ ግን ልዩ ልዩ ሆነ። ይህም ሁለተኛው ክስ በጥበቡ ላይ ሳይሆን ጥበቡን በያዘው ሰውና ሕጉን በሚያወጣው መንግሥት ላይ የሚቀርብ ክስ መሆኑን ያስረዳል።

ሁለቱ ክስ የተደባለቀበት የዛምቢያ ጉዳይ

በ2002 በደቡብ አፍሪካ ክፍል ድርቅ ሆኖ አዝመራው ጠፋ፤ በዛምቢያ ብቻ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ምግብ አጣ። ከአሜሪካ በእርዳታ የመጣው በቆሎ ልውጥ የተቀላቀለበት ነበረ። ፕሬዚዳንት ሌቪ ምዋናዋሳ እህሉ ለሕዝቤ አይሆንም ብለው አልቀበልም አሉ። መንግሥታቸው ሊቃውንትን ወደ ደቡብ አፍሪካ፥ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ልኮ ካስመረመረ በኋላም ቃሉን አልለወጠም። ስለዚህ ወደ አገሩ ገብቶ የነበረው እህል እንዲወጣ ተደርጎ ሌላ እህል ከየአገሩ ተፈለገ፤ ይህ ሁሉ ሲሆን የሚጠብቀው የተራበው ሕዝብ ነበረ።

የዛምቢያ መንግሥት ፍርሃት ሁለት ነበረ። አንዱ ሕዝቡ ይታመማል የሚል ነው። ሁለተኛው ገበሬው ከእርዳታው እህል ጥቂት አስቀርቶ ይዘራል፥ ልውጡም በአገሩ ይሰራጫል፥ ወደ አውሮፓ የሚላከውም ሰብል ገበያ ያጣል የሚል ነው። የኋለኛው ፍርሃት ምክንያት ያለው ነበር። ለእርሱ ግን መፍትሔ ተገኝቶ ነበር፤ ይኸውም ወፍጮ ነው። ሞዛምቢክ፥ ዚምባብዌና ማላዊ «እህሉ ተፈጭቶ ይግባ» አሉ፤ የተፈጨ እህል ይበላል እንጂ አይበቅልምና። እነርሱ ሁለተኛውን ክስ በወፍጮ ከአንደኛው ለይተው፥ አሜሪካኖች በየቀኑ የሚበሉትን በቆሎ ለተራበ ሕዝባቸው አበሉ። ዛምቢያ ግን የተፈጨውንም አልተቀበለችም።

በሌላ ወገን ሰጪውም ከነቀፋ አይድንም። የተራበ ሰው መምረጥ አይችልም ተብሎ፥ ተቀባዩ መንግሥት ሳይጠየቅና አስቀድሞ ሳይነገረው እህሉን መርከብ ላይ መጫን ጥርጣሬ ይወልዳል። በችግር ጊዜ በቸኰለ እጅ የተሰጠ ነገር እንዲህ ነው፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ።

የሕፃናት ዐይንና ወርቃማው ሩዝ

ይህ ጽሑፍ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ እንዲወጣ ያደረገን ዋናው ነገር ግን የሚከተለው ነው። ቫይታሚን ኤ ያጣ ሕፃን አስቀድሞ በምሽት ማየት ይሳነዋል፤ እናቶቻችን ዳፍንት የሚሉት በሽታ ይህ ነው። ካልታከመ ዐይኑ ይደርቃል፤ በመጨረሻም ይታወራል፤ ገላውም ኩፍኝና ተቅማጥን መቋቋም አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ ከ250,000 እስከ 500,000 የሚሆኑ ሕፃናት በዚህ ምክንያት እንደሚታወሩ፥ ከእነርሱም እኩሌታው በ12 ወር ውስጥ እንደሚሞቱ ገምቷል። ይህም በይበልጥ የሚደርሰው ድኻው ሕዝብ ሩዝ ብቻ በሚበላበት አገር ነው፤ ነጭ ሩዝ ይህን ቫይታሚን የሚሰጥ ነገር የለበትምና።

በስዊስ አገር የዙሪክ ሊቅ ኢንጎ ፖትሪኩስና በጀርመን የፍራይቡርግ ሊቅ ፔተር ባየር ይህን አስበው፥ ለአበባና ለካሮት ቢጫውን ቀለም የሚሰጠው፥ በሰው ገላም ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠው ነገር በሩዝ ፍሬ ውስጥ እንዲሠራ አደረጉ፤ ሥራቸውም በ2000 ታተመ። ፍሬው ቢጫ ስለ ሆነ ወርቃማ ሩዝ ተባለ። በ2005 የሲንጀንታ ኩባንያ ሊቃውንት ከበቆሎ በተወሰደ ዘረ መል ቀለሙን ከፊተኛው እስከ 23 እጥፍ ከፍ አደረጉት። ስለ ዘሩም ባለቤትነት፥ በዓመት ከ10,000 ዶላር በታች የሚያገኝ የድኻ አገር ገበሬ ምንም ሳይከፍል እንዲዘራና ዘር እንዲያስቀር ስምምነት ተደረገ። ስለዚህ ሁለተኛው ክስ ገና ከመጀመሪያው መልስ ያገኘ ይመስል ነበር።

ሆኖም ክርክሩ አልበረደም። ተቃዋሚዎቹ፥ ከእነርሱም ግሪንፒስ የተባለው ማኅበር፥ «ይህ ሩዝ ለሌላው ልውጥ ዘር ሁሉ በር መክፈቻ ነው፤ ለሕፃን የሚያስፈልገው ጐመንና ፍራፍሬ ነው» አሉ። በ2013 በፊሊፒንስ አገር ሰዎች ወደ ምርምር ማሳው ገብተው ተክሉን ነቀሉት። በ2016 ደግሞ ከ100 የሚበልጡ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉ ሊቃውንት ማኅበሩ ተቃውሞውን እንዲተው ደብዳቤ ጻፉ። የሩዙም ወዳጆች ከበደል ንጹሓን አልነበሩም። በቻይና ሁናን አገር በ2008 ሕፃናት ይህን ሩዝ በልተው ሲመረመሩ፥ ሩዙ ልውጥ መሆኑ ለወላጆቻቸው በሚገባ አልተነገራቸውም ነበር። ነገሩ በተገለጠ ጊዜ ኀላፊዎቹ ተቀጡ፤ የምርመራውም ጽሑፍ በ2015 ተነሣ። የምርመራው ውጤት ሩዙ መልካም ነው የሚል ነበረ፤ ነገር ግን ልጁ ምን እንደ በላ ያልተነገረው አባት ከዚያ በኋላ የሊቅን ቃል እንዴት ይመን?

ፊሊፒንስ ሩዙ ለምግብ እንዲሆን በ2019፥ ለገበሬም እንዲሰጥ በ2021 ፈቀደች፤ ከአገሮች ሁሉም የመጀመሪያዋ ሆነች። ገበሬዎች ዘርተው ካጨዱ በኋላ፥ በኤፕሪል 2024 የአገሩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ስለ ደኅንነቱ በቂ ማረጋገጫ አልቀረበም ብሎ ፈቃዱን አነሣ። ሩዙ ከተሠራበት ከ2000 እስከዚያ ቀን 24 ዓመት መሆኑ ነው። በእነዚህ ዓመታት አንዱ ወገን ስለ ኩባንያ፥ ሌላው ወገን ስለ ሳይንስ ክብር ሲከራከር ስንት ሕፃን ዐደገ፥ ስንቱም ታወረ! ሩዙ ብቻውን ሁሉን ያድናቸው ነበር ማለታችን አይደለም። ነገር ግን የዘር ባለቤትነት ቂም የሆድ ሕመም ፍርሃት መስሎ ባይቀርብ ኖሮ፥ ምርመራውም ከወላጅ ባይሰወር ኖሮ፥ ለእነዚያ ሕፃናት ፍርዱ ፈጥኖ በተሰጠ ነበር ብለን እናምናለን።

በአገራችን የሆነው

በዚህ ክርክር አገራችን ዝም ብላ የተቀመጠች አይደለችም። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የአፍሪካን መንግሥታት በመወከል፥ አንድ አገር ልውጥ ዘር ወደ ግዛቱ ከመግባቱ በፊት እንዲነገረውና እንዲፈቅድ ወይም እንዲከለክል መብት የሚሰጠው የካርታሄና ውል እንዲጸድቅ በብርቱ ተከራከሩ። ውሉም በጃንዋሪ 2000 በሞንትሪያል ጸደቀ፤ እርሳቸውም በዚያው ዓመት በስዊድን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው። በ2023 ዐርፈዋል። የካርታሄና ውል ፍሬ ነገሩ «አስቀድሞ ይነገረኝ» የሚል ነው፤ ይህም በዛምቢያና በሁናን የጐደለው ነገር ራሱ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2001 የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቍጥር 655 ወጣ፤ እጅግ የጠበቀ ሕግ ስለ ነበረ በ2007 በአዋጅ ቍጥር 896 ተሻሻለ። በ2010 ትል የሚከላከል ልውጥ ጥጥ ለገበሬ ተፈቀደ፤ በቆሎና እንሰትም በተከለለ ስፍራ ለምርምር ተፈቀዱ። በእንሰት የሚኖር ሕዝብ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ጓሮውን ሲያደርቅበት ምን ያህል እንደሚያዝን የደቡብን አገር ያየ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ የእንሰት ነገር በእኛ ዘንድ ሩቅ ወሬ አይደለም። ነገር ግን እንሰት ከእናቱ ሥር ተቈርጦ ከጐረቤት ወደ ጐረቤት የሚሰጥ ተክል ነውና፥ ልውጡ መልካም ሆኖ ቢገኝ ይህ ልማድ በሕግ እንዲጠበቅለት ባለሥልጣኖች ከአሁኑ ሊያስቡበት ይገባል።

ለቤት ጌታና ለቤት እመቤት የሚሆን ምክር

ከውጭ አገር የሚመጣ የአኩሪ አተር ዘይት ወይም የበቆሎ ምግብ የሚገዛ ሰው፥ ከአሜሪካና ከብራዚል የሚመጣው አኩሪ አተር አብዛኛው ልውጥ መሆኑን ይወቅ። ዘይቱ በሚገባ የተጣራ እንደ ሆነ ግን ለውጡ የሠራው ፕሮቲን በውስጡ አይቀርም ማለት ይቻላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ልውጡ በምግቡ ውስጥ ካለው ከዚያ ዐይነት እህል ከመቶ 0.9 በላይ ሲሆን በዕቃው ላይ ይጻፋል፤ በአሜሪካም ከ2022 ጀምሮ እንዲጻፍ ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ በዕቃው ላይ ያለውን ጽሕፈት ማንበብ መልካም ልማድ ነው። የሚበሉትን ማወቅ መብት ነው፤ ይህን መብት ለመጠየቅም እህሉን መርዝ ነው ማለት አያስፈልግም።

አንድ ዐይነት ምግብ የማይስማማው ልጅ ያለው ቤተ ሰብ፥ ምግቡ ልውጥ ቢሆንም ባይሆንም፥ ለልጁ አዲስ ምግብ ሲሰጥ ይጠንቀቅ፤ የማይስማማውንም ለሐኪም ይንገር። ልጁ ሲመሽ መንገድ የሚስተው፥ ዕቃ የሚመታው፥ በምድጃ አጠገብ ያለውን ነገር የማያየው እንደ ሆነ ግን እመቤቲቱ ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ትውሰደው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየ6 ወሩ የሚሰጠውንም የቫይታሚን ኤ ጠብታ አታሳልፍበት። በገበታውም ጐመን፥ ካሮት፥ ዱባ፥ ማንጎ፥ ዕንቍላልና ጉበት እንደ ችሎታዋ ታቅርብለት። ውስጡ ብርቱካን የሚመስለው ስኳር ድንች በተለመደው ማዳቀል የተሻሻለ ነው፤ ይህን ቫይታሚን በመስጠት ስለ ረዳም ሥራውን ያስፋፉት አራት ሊቃውንት በ2016 የዓለም ምግብ ሽልማት ተቀብለዋል። ይህ ድንች በጓሮ ይበቅላል፤ ማንንም አላከራከረም።

ለባለሥልጣኖች ደግሞ የምንለው አንድ ነው። ስለ ልውጥ እህል ጉዳይ ሲቀርብላችሁ ሁለቱን ክስ ለዩ። ስለ ጤና የሚናገረውን በመርማሪ፥ ስለ ዘር ባለቤትነት የሚናገረውን በሕግ ፍረዱ፤ የአንዱን ማስረጃ ለሌላው አትቀበሉ። «ሰውን አይጐዳም» የሚል የምርመራ ወረቀት የገበሬውን የዘር መብት ለመውሰድ ማስረጃ አይሆንም፤ «ኩባንያው ስስታም ነው» የሚል ክስም የተራበውን ሰው እህል ለመከልከል ማስረጃ አይሆንም። ፈቃድ ከመሰጠቱም በፊት ለሕዝቡ በቋንቋው ይነገር፤ የተነገረው ሕዝብ ቢቃወም እንኳ ይመከራል፥ ያልተነገረው ሕዝብ ግን አንድ ጊዜ ከደነገጠ ኋላ እውነቱን ቢነግሩትም አይሰማም።

ክርክር መልካም ነው፤ ያለ ክርክር እውነት አይለይም። ዳኛ ቀጠሮ ሲያበዛ ባለጉዳዮቹ እየደከሙም ቢሆን ይጠብቃሉ፤ የሕፃን ዐይን ግን ቀጠሮ አይጠብቅም።